ጅቡቲ ነፃነቷን በስጦታ አላገኘችም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ወደብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ ኮንቴይነሩና ስለ ክፍያው የተጻፈው ጥሩ ነው፣ ተምሬበታለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ጅቡቲ ያለ ትግል፣ በፈረንሳይ ችሮታ ነፃ የወጣች አገር ናት ይላል። ብዕር ያስነሳኝ እሱ ነው።

እኔ የምድር ባቡር ልጅ ነኝ። አባቴ ባቡር ነጂ ነበር። እኔም ድሬዳዋ አቴሊዬ፣ የባቡር መጠገኛው፣ ገብቼ በመካኒክነት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጅቡቲን መጀመሪያ ያወቅኳት በካርታ አይደለም፣ በጣቢያ ስም ነው። ሽኒሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል። አባቴ እነዚህን ስሞች እንደ ዳዊት ይደግማቸው ነበር። እናቴም ከስሞቹ ቅደም ተከተል ተነስታ መቼ እንደሚመለስ ታሰላ ነበር።

1960 ዓ.ም. ትምህርት ሲዘጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞኝ ወረደ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ሙቀቱ ሌላ ነው፤ የፉርጎው ብረት እጅ አያስነካም። አይሻ ላይ አንድ ሶማሌ ልጅ ተሳፈረ። በዕድሜ እኩያዬ ነው። ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ነበር፣ ሁለት አወጣና አንዱን ሰጠኝ። በቋንቋ ብዙም አልተግባባንም፤ ግን እናቱ ጅቡቲ ከተማ እንዳለች፣ ወደሷ እየሄደ እንደሆነ ገባኝ።

ከተማው ሊደርስ ሲል ባቡሩ ቆመ። ወታደሮች ወጡ። በመስኮት ሳይ ከመሬቱ ጋር ተያይዞ የሚሄድ የእሾህ ሽቦ አጥር አለ። መጠበቂያ ማማም አለው። ዙሪያውን ከተማውን እንዳለ የከበበ ነው። ወታደሮቹ ወረቀት ጠየቁ። ልጁ ወረቀት የለውም። አልጮኸም፣ አልለመነም። ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና ወረደ። ባቡሩ ሲነሳ ሽቦው አጠገብ ቆሞ ነበር። አባቴን ማታ ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «እናቱ እኮ ከሽቦው ወዲያ ናት» አለኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። ያ ሳምቡሳ ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ላይ ነው።

ያ ሽቦ ከየት መጣ? ለናንተ ወጣት ጸሐፊ ልነግረው የምፈልገው ይህንን ነው።

ፈረንሳዮች እዚያ የገቡት በመጋቢት 1854 ነው። ኦቦክ የተባለውን ቦታ ከአፋር ባላባቶች በ10,000 ጠገራ ብር ገዙ። በመካከሉ ግብጾች ታጁራንና ዘይላን ለጥቂት ዓመት ይዘው ለቀቁ። እነሱ ሲለቁ ፈረንሳይ በሰፊው ገባች። ላጋርድ የሚባለው ገዢ ከሶማሌው የኢሳ ጎሳ አለቆች ጋርም ተፈራረመ፣ ኦቦክን ትቶ ጅቡቲ ላይ ከተማ አቆመ። በ1888 አገሩ «የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ» ተባለ። በዓመቱ፣ በ1889፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከፈረንሳይ ጋር ድንበሩን ተፈራረሙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድንበሩን ፈረንሳይ ብቻዋን አላሰመረችም፣ የኛም ማኅተም አለበት።

ከዚያ ሐዲዱ መጣ። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 እዚህ እኛ ጋ ደረሰ። ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስለከበደው ሜዳው ላይ ቀረ፣ ድሬዳዋም በዚሁ ተወለደች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው፣ 784 ኪሎ ሜትር። እኛ ሐዲዱን እንደ በረከት እናወራዋለን። በረከትም ነው፣ እኔ እንጀራ በልቼበታለሁ። ለጅቡቲ ሰው ግን ያው ሐዲድ ገዢው አገሩን የያዘበት ገመድም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

አሁን ወደ ነፃነቱ ልምጣ።

የመጀመሪያው ሕዝበ ውሳኔ የተደረገው መስከረም 18 ቀን 1951 ነው። ከፈረንሳይ ጋር መቆየት ወይስ መለየት? መሐሙድ ሐርቢ የአገር ውስጡ መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሥልጣናቸውን እያወቁ አስይዘው «እንለይ» ብለው ቀሰቀሱ። ተሸነፉ። ሰባ አምስት በመቶው ግድም እንቆይ አለ ተባለ። ሐርቢ አገር ጥለው ወጡ፣ በ1953 መግቢያ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። እኔ በማውቃቸው ሰዎች ዘንድ የሐርቢ ስም ሲነሳ ድምፅ ዝቅ ይል ነበር፤ ጆሮ አለና።

ነሐሴ 19 ቀን 1958 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ጅቡቲ ገቡ። ሰው መፈክር ይዞ ወጣ፣ ነፃነት አለ። ግርግር ሆነ፣ ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ። ደ ጎል ከዚያ ቀጥታ የመጡት ወደኛ ነው፣ አዲስ አበባ። በጭብጨባ ተቀበልናቸው። አባቴ ይህን ሲያነሳ ሁልጊዜ ያዝን ነበር፤ እሱ ከጅቡቲ ጭነት ይዞ ሲመጣ ሰው ሲሸሽ አይቶ ነበርና።

በመጋቢት 10 ቀን 1959 ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከዚያ በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ሶማሌዎች እናንተ የዚህ አገር ሰው አይደላችሁም ተብለው ተባረሩ። ሽቦውም የታጠረው በዚያ ሰሞን ነው፤ የተባረረው ተመልሶ እንዳይገባ። ስድሳ በመቶ ግድም እንቆይ አለ ተብሎ ተነገረ። እንደገና ደም ፈሰሰ። ወዲያው የአገሩም ስም ተቀየረ፦ «የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት»። ስሙን ልብ በሉት። አንድ አገር ውስጥ ሁለት ሕዝብ ለይቶ ይጠራል፣ ጎን ለጎን አኑሮ አንዱን ባንዱ ላይ ያስቆጥራል።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ልናገር። ያኔ የኛ መንግሥት ፈረንሳይ ከወጣች ጅቡቲ የኢትዮጵያ ናት ይል ነበር። ሶማሊያ ደግሞ የኔ ናት ትላለች። የአገሩን ሰው ራሱን ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀው ጎረቤት አልነበረም። ፈረንሳይም «እኔ ከወጣሁ ሁለቱ ይበሏችኋል» እያለች በኛ ታስፈራራ ነበር። ይህ አልተጻፈም፣ በትምህርት ቤትም አልተነገረንም። ደርግ ከመጣ በኋላ ነው ያ ጥያቄ የተተወው።

ትግሉ ንጹሕ ብቻ ነበር አልልም። ጥር 1968 ሎያዳ በሚባለው የሶማሊያ ጠረፍ ላይ ታጣቂዎች የፈረንሳይ ወታደሮች ልጆች የተሳፈሩበትን የተማሪ አውቶቡስ አገቱ። ተኩስ ተከፈተ፣ ሕፃናት ሞቱ። ልጅ ማገትን ምንም ነፃነት አያጸድቀውም። ግን ይህንን ትቼ ባልፍ እኔም እንደዚያ ዓረፍተ ነገር ግማሹን ብቻ ተናጋሪ እሆናለሁ።

ቀንበሩን የሰበረው በኔ እምነት ሌላ ነገር ነው። ሐሰን ጉሌድ አብቲዶን ኢሳ ናቸው። አህመድ ዲኒ አፋር ናቸው፣ የኦቦክ ሰው። ሁለቱ በአንድ ድርጅት ውስጥ ቆሙ። ፈረንሳይ ስማቸውን ለያይታ የጻፈችላቸው ሁለት ሕዝቦች አንድ ጥያቄ ይዘው ሲመጡ የምትይዘው ጠፋት። ሚያዝያ 30 ቀን 1969 ሦስተኛው ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ከመቶ ዘጠና ስምንት በላይ ነፃነት አለ። ሰኔ 20 ቀን 1969 ባንዲራቸው ተሰቀለ። ጉሌድ ፕሬዚዳንት፣ ዲኒ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

የዚያን ዕለት ማታ አባቴ ሬዲዮ ላይ ተደፍቶ ነበር። ባቡር የለም፤ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቆርጧል። የሶማሊያ ጦርነትም ወደኛ እየመጣ ነው። ሕይወቱን ሙሉ የተመላለሰበት ከተማ ሲደሰት እሱ እዚህ ቁጭ ብሎ በፈረንሳይኛ ይሰማል። ሲጨርሱ ሬዲዮኑን ዘጋና እናቴን ቡና አፍዪ አላት። ሌሊት ነው። አፈላችለት።

ደስታው ሁሉ አልዘለቀም። ዲኒ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1970፣ ሥልጣን ለቀቁ። የፈረንሳይ ወታደሮችም አልወጡም፣ እስከ ዛሬ ሰፈር አላቸው። ይህን ሁሉ ጻፉት። በስጦታ ተሰጠ ግን አትበሉ። ሐርቢን ያጡ ሰዎች አሉ። ከሽቦው ወዲህ የቀሩ አሉ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ጊዜ ልጄ ይዞኝ ሄደ። ናጋድ ወረድንና ባልባላ የሚባለው ሰፈር ውሰደን አልነው ለታክሲው። ባልባላን ያቋቋሙት ሽቦው ከተማ እንዳይገቡ የከለከላቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬ ከተማ የሚያህል ሰፈር ነው፣ መኪና፣ ሱቅ፣ ጎሚስታ። አጥሩ የት ነበር ብዬ ታክሲውን ጠየቅኩት። ልጅ ነው፣ የምን አጥር አለኝ።

ጥግ ላይ ሎሚ የምትሸጥ አሮጊት ሰማችን። ድሬ ነግዳ ታውቃለች፣ አማርኛ ትችላለች። ብድግ አለች። ዱላዋን አቧራው ላይ አድርጋ ከጎሚስታው ጀምሮ እስከ መንገዱ ማዶ መስመር ሰነጠቀች። «እዚህ ነበር» አለች። «እኔ ከዚህ፣ ልጄ ከዚያ። ሁለት ዓመት።» ሎሚ ገዛኋት። ሒሳቡን አልቀበልም ብላ ነበር፣ በግድ ሰጠኋት።

የጋዜጣችሁ አዘጋጆች፣ ያችን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም እንድታርሙልኝ እለምናችኋለሁ። ቦታ ካነሰ የኔን ደብዳቤ አሳጥሩት፣ የአሮጊቷን ግን አትቁረጡብኝ።

አክባሪያችሁ፣
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ
የምድር ባቡር ጡረተኛ