ኢአማኒነትን ሃይማኖት ማለት ሃይማኖትን ማሳነስ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምዳችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ ኢአማኒነት ወይም ብዙዎች ኤቲዝም የሚሉት አቋም እንደ ሌሎቹ ሃይማኖቶች ሁሉ አንድ ሃይማኖት ተደርጎ ሊቆጠር እንደሚገባ ተከራክረዋል። ክርክራቸውን ያቆሙት «አምላክ የለም» ማለትም «አለ» የማለትን ያህል እምነት ይጠይቃል በሚለው ሐሳብ፣ ኢአማንያንም የራሳቸው ማኅበርና ጉባኤ ያላቸው በመሆኑ፣ እንዲሁም አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ኢአማኒነትን ሃይማኖት ብሎታል በሚል ማስረጃ ላይ ነው። እኔ አማኝ ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለኢአማንያን ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ክርክሩ እነሱን አሸንፋለሁ ሲል የእኛኑ የአማኞችን ሀብት በርካሽ የሚያድል ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

«እምነት ይጠይቃል» በሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ከኢአማንያን መካከል አምላክ አለመኖሩን በእርግጠኝነት አውቃለሁ የሚል አለ፤ «የቀረበልኝ ማስረጃ አላሳመነኝም» ከማለት የማያልፍም አለ። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ እ.ኤ.አ. በ1869 አግኖስቲክ (አምላክ መኖር አለመኖሩ ሊታወቅ አይችልም ባይ) የሚለውን መጠሪያ ያወጣው ከአማኙም ሆነ ከማያምነው እርግጠኝነት ራሱን ለመለየት ነበር። ለክርክሩ ያህል ግን ክህደትም እምነት ይጠይቃል ብለን እንቀበል። ሰው በፍትሕ፣ በዴሞክራሲ ወይም በሰው ልጆች እኩልነት ያምናል፤ አንዱንም በቤተ ሙከራ ፈትኖ የተቀበለው አይደለም፤ ሆኖም በዚህ ብቻ ሃይማኖተኛ የሚለው የለም። ያለ ማስረጃ የተያዘ አቋም ሁሉ ሃይማኖት ከሆነ፣ ሃይማኖት ያልሆነ አቋም ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

የነገሩ ፍሬ ያለው ሃይማኖትን ሃይማኖት የሚያደርገው ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው። እንግሊዛዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871 ሃይማኖት ማለት ቢያንስ በመንፈሳዊ ፍጡራን ማመን ነው ብሎ ነበር። በዚህ መለኪያ ኢአማኒነት ገና ከበሩ ይመለሳል፤ ክርክሩም እዚያው ባለቀ ነበር። እኔ ግን ይህ መለኪያ ጠባብ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። በሕንድ የተነሣው የጃይን እምነት ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ ብሎ አያስተምርም፤ የቡድሃ ትምህርትም በፈጣሪ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ሁለቱንም ሃይማኖት አይደሉም ማለት ግን አይቻልም። ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1912 የአምላክን ጉዳይ ከመለኪያው ያወጣው በተለይ የቡድሃን ተከታዮች አይቶ ነው፤ በምትኩም ሃይማኖት ቅዱስ ተብለው ከሌላው የተለዩ ነገሮችን የሚመለከት፣ እርስ በርሱ የተሳሰረ የእምነትና የሥርዓት አካል መሆኑን፣ ይህም አካል ተከታዮቹን በአንድ የግብረ ገብ ማኅበረሰብ እንደሚያስተሳስር ጻፈ።

እንግዲህ ፈጣሪን የማይቀበሉ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ፤ አንዱ የጃይን መነኩሴ፣ ሌላው ኢአማኒ። መነኩሴው በሕይወት ያለን ነገር ሁሉ ላለመጉዳት ስእለት ገብቷል፤ ከሚቀመጥበትና ከሚረግጠው ስፍራ ጥቃቅን ነፍሳትን በቀስታ የሚያስወግድበት ለስላሳ መጥረጊያ ከእጁ አይለይም፤ በዝናብ ወራት መሬቱን የሚሞሉትን ነፍሳት እንዳይጨፈልቅ ሲል ከቦታ ቦታ መዘዋወሩን አቁሞ በአንድ ስፍራ ይከትማል። ምእመኑም በተወሰኑ ቀናት ይጾማል፣ በደሉን እያስታወሰ ንስሐ ይገባል፣ ያስቀየመውን ሰው ይቅርታ ይለምናል። ይህ ሁሉ ነፍስን ከልደትና ከሞት ዑደት ነጻ ለማውጣት ነው። ኢአማኒውስ? አምላክ የለም ብሎ ከወሰነ በኋላ ነገ ጠዋት ምን ያድርግ? ከየትኛው ምግብ ይከልከል? የበደለውን እንዴት ይካስ? የሞተበትን በምን ሥርዓት ይሸኝ? ኢአማኒነት ለእነዚህ አንድም መልስ የለውም፤ መልስ ካገኘም ያገኘው ከሕሊናው፣ ከአሳዳጊዎቹ፣ ከፍልስፍና ወይም ከሌላ ስፍራ ነው።

ይህን ስል ኢአማኒውን ምግባር የለሽ ማለቴ አይደለም። «አምላክ አለ» የሚለው ቃልም ቢሆን ብቻውን ሃይማኖት አይሆንም። አንድ ሰው ሃይማኖቱን ተጠይቆ «አምላክ አለ ብዬ አምናለሁ» ብቻ ብሎ ቢያቆም፣ ጠያቂው «እሱስ ይሁን፣ ሃይማኖትዎ ግን የትኛው ነው?» ማለቱ አይቀርም። አዎንታው ብቻውን ሃይማኖት ካልሆነ አሉታው እንዴት ሊሆን ይችላል? የጥንት ክርስቲያኖች የሮምን አማልክት ስለማያመልኩ አምላክ የለሾች ተብለው ይከሰሱ እንደነበር ብዙ ሰው አያስታውስም። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ክሱን ሲመልስ፣ ስለ እነዚያ ሐሰተኛ አማልክት ከሆነ አዎን አምላክ የለሾች ነን፣ ስለ እውነተኛው አምላክ ግን አይደለንም ብሏል። የዮስጢኖስ ሃይማኖት ያለው ዜውስን በመካዱ ውስጥ አይደለም፤ አንገቱን በሰጠለት ነገር ውስጥ ነው።

ጸሐፊው ስለ ማኅበራት ያነሡት ነጥብ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1793 የፓሪሱ የኖትር ዳም ካቴድራል የአመክንዮ ቤተ መቅደስ ተብሎ ክብረ በዓል ተካሂዶበታል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮንት የሰውን ልጅ ራሱን የአምልኮ ማዕከል ያደረገ ሃይማኖት ሲመሠርት፣ እያንዳንዳቸው 28 ቀን ያላቸውና በሙሴ፣ በሆሜር፣ በአርስቶትልና በመሳሰሉት ታላላቅ ሰዎች ስም የተሰየሙ 13 ወራት ያሉት የቀን መቁጠሪያ አዘጋጅቶለት ነበር። በሶቪየት ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1925 የኢአማንያን ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1931 የሞስኮው የክርስቶስ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል በፈንጂ ፈረሰ፤ በዚያው ከተማ ግን በ1924 የሞተው የሌኒን አስከሬን እንዳይፈርስ ተደርጎ ሕዝብ ተሰልፎ እንዲሳለመው ተቀመጠ። ከዚህ የበለጠ የቅዱሳንን ዐጽም ማክበር የሚመስል ነገር ማግኘት ይከብዳል። በለንደን እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የእሑድ ጉባኤም፣ ያለ አምላክ ቢሆንም፣ አብሮ መዘመርና ትምህርት መስማት ያለበት ነው።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት ምንድን ነው? ኮንት ሃይማኖት መሥርቷል ለሚለኝ አልከራከርም፤ እሱም ራሱ እንዲያው ብሎታል። የሶቪየቱም ሥርዓት ሃይማኖት መሰል ነበር ቢባል እስማማለሁ። ሃይማኖት ያስመሰላቸው ግን በክህደቱ ላይ የተጨመረው ነገር ነው፤ የተቀደሰ ሰው፣ የማይጠየቅ አስተምህሮ፣ በዓልና ሰልፍ፣ ከመስመር የወጣውን የሚያወግዝ ሥልጣን። በስታሊን ዘመን አምላክ የለም ብሎ ፓርቲውን የተጠራጠረ ሰው ኢአማኒነቱ ከእስር አላዳነውም። ጸሐፊው ከአንዱ ዛፍ ላይ የበቀለውን ጥገኛ ተክል አይተው የዛፉ ፍሬ ነው ያሉ መሰለኝ።

ወደ ፍርድ ቤቱ ልምጣ፤ ጸሐፊው ፍርዱን የጠቀሱት በግማሹ ነውና። ነገሩ የተነሣው በዊስኮንሲን ግዛት የታሰረ አንድ ኢአማኒ ከመሰሎቹ ጋር የጥናት ቡድን ለማቋቋም ጠይቆ፣ የማረሚያ ቤቱ ኃላፊዎች ጥያቄውን ሃይማኖታዊ እንዳልሆነ ቆጥረው በመከልከላቸው ነው። መቀመጫውን ቺካጎ ያደረገው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ኃላፊዎቹ መሳሳታቸውን ሲገልጽ፣ ኢአማኒነት ለሕገ መንግሥቱ የሃይማኖት ነጻነት ድንጋጌ ሲባል እንደ ሃይማኖት እንደሚታይ ተናግሯል። በዚያው ፍርድ ግን ይህ ጥያቄ፣ ሰዎቹ በልዑል አምላክ ያምናሉ ወይ፣ የአምልኮ ጉባኤ ወይም ቅዱስ መጽሐፍ አላቸው ወይ ከሚለው የተለየ መሆኑን ጭምር አስታውቋል። ዳኞቹ የወሰኑት አንድ ሰው ስለ ሕይወት የመጨረሻ ጥያቄዎች ከልቡ የያዘው አቋም ከአማኙ እኩል ጥበቃ ይገባዋል ብለው ነው። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እንዲያውም ለዚህ ጥበቃ ሲባል ኢአማኒነትን ሃይማኖት ብሎ መጥራት አስፈላጊ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ማብራሪያ፣ የዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 18 አምላክን የሚቀበሉትንም ሆነ የማይቀበሉትን እምነቶች፣ ምንም ዓይነት ሃይማኖት ያለመከተልንም መብት እንደሚጠብቅ ገልጿል። ጀርመንም ከ1919 የቫይማር ሕገ መንግሥት ወርሳ ዛሬም በሥራ ላይ ባለው ድንጋጌዋ፣ የዓለም አመለካከትን በጋራ ለማራመድ የተቋቋሙ ማኅበራትን ሃይማኖት ናቸው ሳትል ከሃይማኖት ማኅበራት እኩል ታያቸዋለች።

ጸሐፊው ሐሳባቸው ወዴት እንደሚወስድ ያስተዋሉ አልመሰለኝም። ኢአማኒነት ሃይማኖት ከሆነ፣ ስለ አምላክ ሳያነሣ የሚያስተምር ሁሉ የዚያ ሃይማኖት ሰባኪ ነው ለማለት አንድ እርምጃ ብቻ ይቀራል። በካሊፎርኒያ አንድ የባዮሎጂ መምህር ይህንኑ እርምጃ ሄዶበታል፤ ዝግመተ ለውጥን እንዳስተምር መገደዴ የሌላ ሃይማኖት ትምህርት እንዳስፋፋ መገደድ ነው ሲል ትምህርት ቤቱን ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የይግባኝ ፍርድ ቤት ዝግመተ ለውጥ ሃይማኖት አይደለም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገበት። በመምህሩ ሐሳብ ብንሄድ ኖሮ የሒሳብ መጽሐፍ፣ የሐኪም ማዘዣና የትራፊክ ደንብም ስለ አምላክ ዝም በማለታቸው የሃይማኖት ጽሑፎች በሆኑ ነበር። ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ ለመሄድ ዝግጁ ከሆኑ፣ ያ ሃይማኖት ከተከታዮቹ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚከለክልና ከአባልነቱ የሚያስወጣው ጥፋት የትኛው እንደሆነ በሚቀጥለው ደብዳቤያቸው እንዲያብራሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ