የሻላ ደሴቶች ከአብጃታ ውኃ ተለይተው አይታዩ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ የሚጻፈው አብዛኛው በደን ጭፍጨፋና በአሸዋ ቁፋሮ ላይ ሲያተኩር፣ በሻላ ሐይቅ ውስጥ ያሉት ሰው አልባ ትናንሽ ደሴቶች ተዘንግተዋል። ሻላ በእሳተ ገሞራ አፍ መደርመስ የተፈጠረ፣ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ሲሆን፣ ነጭ ፔሊካኖች (ዓሣ የሚመገቡ ትላልቅ የውኃ ወፎች) ከአውሬ ርቀው የሚራቡት በእነዚሁ ደሴቶች ላይ ነው። ጎጇቸው መሬት ላይ በመሆኑ፣ ጀልባ ቀርቦ ወላጆቹን ካስነሳ ላባ ያላወጣው ጫጩት ለፀሐይና ለነጣቂ አሞራ ይጋለጣል።

ደሴቶቹን ብቻ መጠበቅ ግን አይበቃም። የሻላ ዓሣ ጥቂት ስለሆነ፣ ፔሊካኖቹ ረፋድ ላይ በሞቃት አየር እየዞሩ ወደ ላይ ወጥተው፣ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለውን ኮረብታ ተሻግረው ምግብ ይፈልጉ የነበረው ከአብጃታ ነው። አብጃታ ግን ውኃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚውል ማዕድን) ምርት ሲወሰድ ሸሽቷል፤ ጨውነቱም በርትቶ ዓሣውን አጥፍቶታል። ከዳርቻው የቀረውን ደረቅ ነጭ ሜዳ በእግሩ የሄደበት ሰው ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

ስለዚህ በመራቢያ ወቅት ጀልባ ከደሴቶቹ የሚርቅበት ወሰን ይደንገግ፤ የመስኖ ፈቃድ ሲሰጥም በቡልቡላ ወንዝ በኩል አብጃታ መድረስ ያለበት ዝቅተኛ የውኃ መጠን በቁጥር ተወስኖ በየወሩ ይለካ።