ከችካሉ በፊት የውኃው መውረጃ ይታወቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በደብረ ማርቆስ ዳርቻ ለመኖሪያ ቤት ማኅበራት የሚውለው መሬት እየሰፋ ነው። መምህሩም ነርሷም ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ዓመታት የጠበቁት ቤት ነውና ይሠራላቸው። ቅሬታዬ ቦታው በሚሸነሸንበት መንገድ ላይ ነው።

ቅየሳው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከካሬ ሜትሩ ነው። መሬቱ ተዳፋትም ይሁን ጨፌ፣ ማለትም ውኃ የሚያቆር ሜዳ፣ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመርበታል። ምንጩና ፈፋው የሚታወሱት ውኃ ቤት ሲገባ ነው። መቅደም ያለባቸው ግን የክረምቱ ውኃ መውረጃ፣ ምንጩ፣ ጨፌው፣ ነባሩ ዋንዛና ወይራ ናቸው። እነሱ በካርታው ላይ ከተቀመጡ በኋላ መንገዱ ይውጣ፤ ሽንሸናው ከሁሉም በኋላ ይምጣ።

ጨፌ የወል ግጦሽ ነው፤ «ማሳዬን» ብሎ የሚሟገትለት አባወራ የለውም። ስለዚህ ቦታ ሲፈለግ ቶሎ ዓይን ይገባል። ነገር ግን የሰኔንና የሐምሌን ዝናብ ተቀብሎ ቀስ እያለ ለወንዙ የሚለቀው እሱ ነው። አፈሩም በአብዛኛው ዋልካ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ያኔ መሠረቱም ግድግዳውም አብሮ ይሰነጠቃል። ማኅበርተኛው ዋልካውን አስቆፍሮ በምትኩ ጠጠራማ አፈር፣ ገረጋንቲ፣ ሲያስሞላ ያጠራቀመው ገንዘብ ግድግዳው ሳይቆም ያልቃል። በርካሽ ተገኘ የተባለው መሬት ለደሃው ቤት ሠሪ እጅግ ውድ ነው።

መንገዱም እንደዚሁ ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለው ምድራችን ተዳፋት ነው፤ ቁልቁል ቀጥ ብሎ የተጠረገ ኮረኮንች ክረምት ሲደጋገምበት ቦረቦር ይሆናል። የጎጃም ገበሬ በማሳው ፈሰስ፣ ማለትም የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ሲያወጣ ተዳፋቱን አይቶ አግድም ያዘነብለዋል፤ የሰፈር መንገድ ቀያሽም እንዲሁ ያድርግ።

ተጨማሪ መሬት ይባክናል የሚሉ ይኖራሉ። በአገራችን የከተማ ፕላን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል መመዘኛ አለ። አረንጓዴው ድርሻ ከሽንሸና የተረፈ ቁርጥራጭ መሆኑ ቀርቶ ጨፌውና የወንዙ ዳር ራሱ ቢሆን ምን ይጎድላል? ላሞቹ ይግጡበታል፣ ልጆቹ ይጫወቱበታል፣ ጎርፉም ያርፍበታል።

የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ከሚቀጥለው የቦታ ምደባ በፊት ባለሙያዎቻቸውን በነሐሴ፣ ውኃው እየወረደ ሳለ፣ ከቀበሌው ገበሬዎች ጋር ወደ ሜዳው ይላኩልን። በጥር የተቀየሰ ጨፌ ደረቅ ሜዳ ይመስላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ