ስለ ቃለ መጠይቁ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የአረጋውያን ተንከባካቢ ለመሆን ያደረግኩትን ቃለ መጠይቅ በስልክ ቸኩዬ ስለነገርኩዎት፣ እማዬም እንድትሰማው በዝርዝር ልጽፍልዎት ወደድኩ።

የጠየቁኝ ሁለት ሴቶች ሲሆኑ አንደኛዋ ነርስ ናት። አያቴን እስከ ዕለተ ሞቷ ማስታመሜን ስነግራት፣ ነርሷ ስትሮክ መትቶት አንድ ጎኑ ለማይታዘዝለት ሰው ሸሚዝ እንዴት እንደማለብስ ጠየቀችኝ። ሲለበስ በደካማው ክንድ፣ ሲወልቅ ግን በጤነኛው እንደሚጀመር በራሴ ሹራብ አሳየኋት፤ እማዬ ይህን ሳታስታውሰው አትቀርም። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ በመተኛት ስለሚመጣው የአልጋ ቁስልም አነሳች። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው ብዙውን ጊዜ በየ2 ሰዓቱ ጎኑ እንደሚቀየር፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ የቁስሉ መጀመሪያ ምልክት የሆነው መቅላት በቀላሉ ስለማይለይ ተረከዙንና ዳሌውን ዳስሶ መሞቁንና መጠንከሩን ማየት እንደሚያስፈልግ ስነግራት ብዕሯን አንስታ ጻፈች።

ብዙ ጊዜ የወሰደው ግን «ገላዬን አልታጠብም ቢሉሽ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ነበር። እንደማላስገድዳቸው፣ ምክንያታቸው ብርድ ይሁን ሕመም ወይም በማያውቁት ሰው ፊት መራቆት ጠይቄ እንደምረዳ፣ ቆየት ብዬም እንደምሞክርና እምቢታቸውን በመዝገብ እንደማሰፍር መለስኩ። የመርሳት ችግር ያለባቸው ሴት የሞቱ ባላቸውን «የት ሄደ?» እያሉ ቢጠይቁኝስ? ሞታቸውን በየቀኑ ማርዳት ጭካኔ ስለሚመስለኝ፣ ስለ እሳቸው እንዲያጫውቱኝ እለምናቸዋለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ አባቴ፣ ለዚህ አንድ ትክክለኛ መልስ ያለ አይመስለኝም፤ ነርሷም ትክክል ነሽ አላለችኝም።

የሌሊት ተራ እንዳለበትና ከአረጋውያኑ ገንዘብም ሆነ ስጦታ መቀበል ክልክል መሆኑን ነግረውኛል። ሁለቱንም ተስማምቻለሁ።

ተቀብለውኛል፤ ሥራ የምጀምረው ግን ከወንጀል ነፃ መሆኔን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ከዚህም ከአገር ቤትም ሲቀርብ ነው። የአገር ቤቱን ወንድሜ እንዲያወጣልኝ ውክልናውን በዚህ ሳምንት እልካለሁ። ስሜ ልክ በፓስፖርቴ ላይ እንዳለው መጻፉን ሳያረጋግጥ እንዳይቀበል አደራ ይበሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ