ስለ አሌክሳንድሪያ የጡብ ቤቶች ለአባቴ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «የአሜሪካ ቤት ሁሉ እንጨትና ካርቶን ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ስለ አዲሶቹ ሰፈሮች ከሆነ ወሬው ከእውነት ብዙም አልራቀም። እኔ የምኖርባት አሌክሳንድሪያ ግን በፖቶማክ ወንዝ ዳር በ1749 የተቆረቆረች የወደብ ከተማ በመሆኗ (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ) አሮጌው ክፍሏ በአብዛኛው የሸክላ ጡብ ነው። ኪራዩ ስለማይቀመስ እኛ ሐበሾች በብዛት የምንኖረው ከዚያ ራቅ ብለን በምዕራቡ በኩል ነው።

ግንበኛ ስለሆኑ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ግድግዳው ልንገርዎ። በመንገድ በኩል ያለው ግንብ ብዙ ጊዜ በእያንዳንዱ ረድፍ አንዱ ጡብ በቁመቱ፣ ቀጣዩ በጫፉ እየተፈራረቀ የተደረደረ ነው። ይህ አደራደር ጡብም ጊዜም ስለሚፈጅ ባለቤቱ አቅሙን ለመንገደኛ የሚያሳይበት ነበር፤ ወደ ጓሮ ሲዞሩ ቀላሉን ያገኛሉ። ሰው በየትም አገር ያው ነው።

ጡቦቹን የያዘው ማልታ ሲሚንቶ የሌለበት ኖራና አሸዋ ነው። የዚያን ዘመን ጡብ ለስላሳና ውኃ የሚመጥ ስለሆነ፣ የገባበት እርጥበት በአብዛኛው የሚወጣው በመጋጠሚያው ኖራ በኩል ነው፤ ኖራው ቀስ በቀስ እየተበላ ጡቡን ያድናል፣ በየጊዜውም ይታደሳል። ኋላ የመጡ አዳሾች መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ሲደፍኑት ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ በክረምቱ ብርድ እዚያው ጡቡ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይለጠጥና የጡቡን ፊት ይልጠዋል። ሲሚንቶው ሳይነካ ጡቡ ተቦርቡሮ የቀረበትን ግድግዳ እዚህ አይቻለሁ። የፋሲል ግንብ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ መጠገኑን፣ በኋላም ያ ጥገና ተነሥቶ በኖራ መተካቱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

የሚያስቅዎት ቤትም አለ። በኩዊን ጎዳና ሆለንስበሪ የተባለ ሰው በ1830 በሁለት ቤቶች መካከል የነበረውን መተላለፊያ ዘግቶ የሠራው፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል። ጋሪዎችና ሥራ ፈቶች በዚያ ማለፋቸው አናዶት ነው ይባላል። የጎንና የጎን ግድግዳው የጎረቤቶቹ ግድግዳ ስለሆነ ሥራው እምብዛም አላስወጣውም።

ይህ ሁሉ የተረፈው በአጋጣሚ አይደለም። ከተማዋ በ1946 ባወጣችው ደንብ መሠረት፣ ከመንገድ የሚታይ መስኮት መለወጥ የሚፈልግ ባለቤት እንኳ ለከተማዋ የሕንፃ ገምጋሚ ቦርድ አመልክቶ ማስፈቀድ አለበት። ባለቤቶቹ ያማርራሉ። ሆኖም በ1960ዎቹ በኪንግ ጎዳና አካባቢ ያሉ አሮጌ ሕንፃዎች «ለልማት» ተብለው በጅምላ መፍረሳቸውን ሳስብ፣ የቦርዱ ጥብቅነት ቢበዛ እንጂ ማነሱን አልመርጥም።

በዱክ ጎዳና ቁጥር 1315 ስላለው ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት ሳልነግርዎ ግን ደብዳቤዬን መዝጋት አልችልም። ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ የባሪያ ነጋዴዎች በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር ሰዎችን እዚያ አጉረው ወደ ኒው ኦርሊንስና ወደ ናቼዝ ገበያ ይልኩ ነበር። ከተማዋ ቤቱን በ2020 ገዝታ ሙዚየም አድርጋዋለች። ከፊት ሲያዩት ከሌሎቹ የተከበሩ ቤቶች የሚለይበት ነገር የለም። በእነዚያ በተከበሩት ቤቶች ሥራም ቢሆን በባርነት የተያዙ ሰዎች ጉልበት አለበት፤ ሆኖም በበሮቹ ላይ የተለጠፉት ሰሌዳዎች በአብዛኛው የሚያነሱት በቤቶቹ የኖሩ ነጋዴዎችንና የመርከብ አዛዦችን ስም ነው። ጡቡን የጠፈጠፈውና የደረደረው ሰው ስም ግን እምብዛም አልገጠመኝም።

ለእናቴና ለጎረቤቶቻችን ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪ ልጅዎ