አዌቱ ወደ ቦዬ ምን ይዞ ይወርዳል? የድጋፍ ጥሪ

የጅማ ልጆች፣ እዚሁ ያላችሁም ርቃችሁ የምትኖሩም፤

ጉማሬ ለማየት ቦዬ ረግረግ ወርዳችሁ ታውቁ ይሆናል። ጉማሬው የሚንቦራጨቅበት ውሃ ጠዋት እኛ ቤት የነበረ ውሃ ነው። የአዌቱ ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ሲወርድ የልብስ እጣቢውን፣ የጋራዡን ዘይት፣ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ አግበስብሶ ነው። ቦዬ ሲደርስ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ይሰክናል። ቄጠማው እንደ ጀበና ውታፍ አተላውን ያስቀርና የጠራውን ያሳልፋል። ያለፈው ግልገል ጊቤ ወንዝ ይገባል፤ ከዚያ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ወደ ጀመረው የመብራት ግድብ፣ ቀጥሎም ወደ ኦሞ።

ውታፉ ግን እየሳሳ ነው። ረግረጉ ዳር ባሕር ዛፍ ተተክሏል፣ ለጡብ አፈር ይቆፈራል፣ ቄጠማው ይታጨዳል። አጫጁን አንወቅስም፤ እንጀራው ነው።

ባለፈው ክረምት የእድራችን ወጣቶች ለጽዳት ዘመቻ ወጥተው ነበር። ፕላስቲክ ለቀምን፣ ፎቶ ተነሳን። ሁለት ዝናብ እንደጣለ ቦታው እንደነበረው ሆነ። ደግሞም ፕላስቲኩ የሚታየው ነው። የባሰው የማይታየው ነው፦ ቆሻሻ ሲበሰብስ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሳል። አብዛኛው ዓሣ ደህና ሆኖ እንዲኖር በሊትር 5 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልገዋል። መለኪያ የሌለው ሰው ድንጋይ ገልብጦ ይይ፤ ከሥሩ ቀይ ትል ብቻ ከተገኘ ውሃው ታሟል።

ስለዚህ አሁን የተነሳነው ለሌላ ሥራ ነው። ከሰፈራችን ወደ አዌቱ በሚገቡት ቦዮች አፍ ላይ ድንጋይ ደርድረን፣ ደለል የሚያስቀር ጉድጓድ ቆፍረን፣ ቄጠማ እንተክላለን። ከቦዮቹ በላይና በታች የውሃውን ኦክስጅን በየወሩ እንለካለን፤ ውጤቱ ቢያሳፍረንም እድሩ ቤት በር ላይ ይለጠፋል።

ከሁሉ የሚወደደው የኦክስጅን መለኪያው ነው፤ በተለይ ውጭ ያላችሁ እሱን አስቡልን። ቦቲ ጫማ፣ የጎማ ጓንት፣ ዶማና አካፋ ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን። ገልባጭ መኪና ያለው ግማሽ ቀን ድንጋይ ቢያመላልስልን ከገንዘብ ይበልጥብናል። ገንዘብ የምትሰጡ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ብቻ ስጡ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። በግል ስልኩ የሚሰበስብ ካጋጠማችሁ ከእኛ አይደለም።

ቁፋሮው ዝናቡ ጋብ ሲል፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይጀመራል። ቡናውን እናቶቻችን ሊያፈሉ ቃል ገብተዋል፤ የጎደለን ድንጋይ የሚያቀብል እጅ ነው።