የመጽሐፍ ቅዱስና የነገረ መለኮት ንባብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በመስከረም የክበባችን የመጀመሪያ ሥራ የቤተ መጻሕፍታችንን የሃይማኖት መደርደሪያ ማራገፍ ነበር። ትምህርት ቤታችንን የምታውቁ ሁሉ መደርደሪያውን ታውቁታላችሁ፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ በቀጥታ የሚያርፍበት፣ ከመስኮቱ ጎን ያለው ነው። ሽፋናቸው በፀሐይ የነጣውን፣ ምስጥ የገባባቸውን፣ በእርዳታ ካርቶን መጥተው ማንም ገልጦ ያላያቸውን አንድ በአንድ አየናቸው። ለሌላ አገር የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት የተዘጋጀ፣ መልሱ ሁሉ ቀድሞ የተሞላ የመልመጃ ደብተር ብቻ ብዙ ቦታ ይዞ ነበር። ለሰጡን ሁሉ ምስጋናችን እንዳለ ነው። መደርደሪያው ሞልቶ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሚያነበው ካጣ ግን የጎደለው የመጽሐፍ ብዛት ሳይሆን ምርጫ ነው። የዓመቱን ዕቅድ ያወጣነው ከዚህ ተነሥተን ነው፤ ተማሪው መጽሐፍ ቅዱስንና ነገረ መለኮትን ለማጥናት የሚረባውን መጽሐፍ ከማይረባው ራሱ መለየት እንዲችል።

ክበቡ ሲቋቋም «ልጆቻችንን ወደ አንድ ወገን ሊወስዱብን ነው» ያሉ ወላጆች ነበሩ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ አባሎቻችን ኦርቶዶክስም፣ ካቶሊክም፣ ፕሮቴስታንትም ናቸው። ስለዚህ በእያንዳንዱ መጽሐፍ የኋላ ሽፋን ውስጥ አንድ ወረቀት ለጥፈናል። መጽሐፉን ማን እንደጻፈው፣ መቼና የት እንደታተመ፣ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላይ ቆሞ እንደሚናገር፣ ለጀማሪ ይሁን ለበሰለ አንባቢ በአጭሩ ተጽፎበታል። ወረቀቱን የሚሞሉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። አሁንም ጥርጣሬ ያለው ወላጅ መጥቶ ማንኛውንም መጽሐፍ ገልጦ ማየት ይችላል፤ በሩ ክፍት ነው።

ሳምንታዊ ስብሰባችን ረቡዕ ረቡዕ ሳይቋረጥ ተካሂዷል። የተመራጮች ዝርዝርና ቃለ ጉባኤው ቢሮ ስላለ እዚህ አልደግመውም። ስለ ንባባችን ግን ልናገር።

የጀመርነው ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። አንድ ልጅ መጽሐፈ ጦቢትን ፈልጎ ከቤቱ ባመጣው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሲያጣው «ቲቸር፣ የኔ ጎደሎ ነው?» አለኝ። ያ ጥያቄ የጥቅምትን ወር ይዞን ሄደ። ፕሮቴስታንቶች 66፣ ካቶሊኮች 73፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት እንደሚቀበሉ ሁሉም ሰምተዋል፤ ልዩነቱን በእጃቸው ገልጠው ያዩት ግን ያን ጊዜ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን ባለ 66 እና ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2000 ዓ.ም. ያወጣችውን ባለ 81 ጎን ለጎን አስቀመጥን። ሄኖክን የሚጠቅሰውን የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 አንብበን፣ ባለ 81ዱ ውስጥ ወዳለው ወደ መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 1 ስንሄድ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሄኖክ ሙሉ በሙሉ ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ መሆኑን፣ የዓለም ሊቃውንት ለዚህ መጽሐፍ ሲሉ ግእዝ እንደሚማሩ ስነግራቸው የፊታቸው ብርሃን ሌላ ነበር። የትኛው እትም ምን እንደያዘ ሳያውቁ መጽሐፍ ቅዱስ መግዛት ለጥናት እንደማይበጅ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ቀጥሎ የነገረ መለኮት መጻሕፍት። እዚህ ላይ የያዝነው ደንብ ስለ አባቶች ከተጻፈው በፊት አባቶች ራሳቸው የጻፉትን መቅመስ ነው። ዘንድሮ የኒቅያ ጉባኤ ከተደረገ (325 እ.ኤ.አ.) 1,700 ዓመት የሞላበት ስለሆነ መሠረቱ በዚያ ጉባኤ የተጣለውን ጸሎተ ሃይማኖት ያዝን። ልጆቹ በቃላቸው ያውቁታል። «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» የሚለው ለምን እንደገባ፣ በጉባኤው የተወገዘው አርዮስ «ወልድ ፍጡር ነው» ብሎ እንደነበር ግን አብዛኞቹ አልሰሙም። በጉባኤው በዲቁና የተገኘው አትናቴዎስ በኋላ የእስክንድርያ ፓትርያርክ ሆኖ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርጎ የሾመው ያው አትናቴዎስ መሆኑን ሲያውቁ የሩቁ ታሪክ ቤታቸው ገባ። ስለ ቃል ሥጋ መሆን ከጻፈው አጭር መጽሐፍም የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ከእንግሊዝኛ እየተረጎምን አነበብን። የእንግሊዝኛ መምህራችን ያለ ክፍያ ረድተውናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

የዘመኑ ፈተና በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ ነው። ሽፋን የለው፣ አሳታሚ የለው፣ አንዳንዱ መግቢያው ተቆርጦ ከመሐል ይጀምራል። አልከለከልንም፤ ብንከለክልም የሚሰማን የለም። ይልቁንስ ልጆቹ ለማንኛውም መጽሐፍ የሚያቀርቡትን ጥያቄ አስጠናን፦ ጸሐፊው ማነው፣ ማንን መምህር አድርጎ ይጠቅሳል፣ ጥቅሱን ከነምዕራፉ ያሳያል ወይስ ቆርጦ ያልፋል፣ ከእርሱ የተለየ ሐሳብ ያለውን በትክክል ይገልጸዋል ወይስ ይሰድበዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን አስቀድማችሁ በደንብ ያነበባችሁትን አንድ ክፍል መርጣችሁ መጽሐፉ ስለዚያ ምን እንደሚል ማየት ነው። እናንተ በምታውቁት ላይ ያልታመነ መጽሐፍ በማታውቁት ላይ አይታመንም።

ይህ ፍሬ ሲያፈራ ያየሁት በመጋቢት ወደ ሐረር በሄድንበት ቀን ነው። ጠዋት በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥተን፣ በሐረማያ አድርገን ገባን። መጀመሪያ የሸሪፍ ሙዚየምን ጎበኘን፤ ልጆቹ በእጅ የተጻፉትን ጥንታዊ መጻሕፍት፣ የሐረርን የመጽሐፍ ጥራዝ ጥበብ በቅርብ አዩ። ከሰዓት በኋላ በፈረስ መጋላ አደባባይ በኩል ወጣን፤ በመድኃኔ ዓለም አካባቢ ሸራ አንጥፈው መንፈሳዊ መጻሕፍት የሚሸጡ አንድ አዛውንት አገኘን። ክበቡ ካዋጣው ገንዘብ የቀረው ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚሆን ነበር። ምርጫውን ለአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሰጠናት።

ወፍራም፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ፣ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 13 ስላለው የአውሬው ቁጥር፣ ስለ 666 የተጻፈ መጽሐፍ አነሣች። ወንዶቹ «እሱን! እሱን!» አሉ። እሷ ዝም ብላ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች፤ ከጸሐፊው ስም በቀር ምንም የለም። ከዚያ ጣቷን እያስኬደች ስለ ራእይ ምዕራፍ 2 የሚናገረውን ፈለገች። ሰባቱን አብያተ ክርስቲያናት በታኅሣሥ አጥንተናቸው ነበር፤ ሰምርኔስ፣ ጴርጋሞን፣ ሁሉም ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር የነበሩ እውነተኛ ከተሞች መሆናቸውን፣ በጴርጋሞን የተገደለውን አንቲጳስን ታውቃለች። መጽሐፉ ከምዕራፍ 1 ዘልሎ 13 ላይ ያርፋል። ዘግታ በሁለት እጇ ወደ ቦታው መለሰችው።

«እናቴ፣ እሱ እኮ ነው በጣም የሚሸጠው» አሏት ሽማግሌው።

«አባባ፣ ስለ አንቲጳስ የሚናገር የለዎትም?»

ትንሽ አዩዋት። ከዚያ ከኋላቸው ካለው ማዳበሪያ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ በክር የተሰፋ አሮጌ የራእየ ዮሐንስ አንድምታ አወጡ። ግእዙ ከላይ፣ የአማርኛው ትርጓሜ «አንድም» እያለ ከሥሩ። እዚያው ቁጢጥ ብላ ምዕራፍ 2 ቁጥር 13ን አወጣችና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ቋንቋው ከባድ ነው፤ ግማሹ እንዳልገባት አውቃለሁ። ቀና ብላ ግን «ቲቸር፣ ይሄኛው አልዘለለውም» አለችኝ። ሽማግሌው ለተማሪ ነው ብለው ዋጋውን ቀነሱልን። ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጥቂት ነው።

መጽሐፉን ብቻችንን እንደማንዘልቀው ስላወቅን ከአጥቢያው አንድ መሪጌታ ጋብዘን ሁለት ምዕራፎችን ተርጉመውልናል። አንድምታ በቃል ሲወርድ የኖረ የጉባኤ ቤት ትምህርት ስለሆነ ከመምህር ጋር ቢነበብ ይሻላል፤ ይህንንም በኋላ ሽፋኑ ወረቀት ላይ ጽፈነዋል።

ያልተሳካልንም አለ። የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ለፈተና ሲሉ ከሚያዝያ ጀምሮ ቀርተዋል። ልናዘጋጅ ያሰብነው የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ በቦታ እጦት ቀርቷል። በግንቦት ሙቀቱ ከክፍል ሲያስወጣን ከኒም ዛፉ ሥር ተሰብስበናል። ምስጡ ደግሞ ከለየናቸው መጻሕፍት ጥቂቱን በልቶብናል፤ የብረት ቁምሣጥን የጠየቅነው በኅዳር ነበር። ሌሎች ክበባት ማልያና ኳስ ማግኘታቸው ያስደስተናል፤ ልጆቹም የእኛው ናቸው። ነገር ግን አንድ የሚቆለፍ ቁምሣጥን ለዓመት ሙሉ የሚያስጠብቅ ጥያቄ አይመስለኝም።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገው ቁምሣጥኑን፣ ባለ 81 መጽሐፍ ቅዱስ ቢያንስ ለሁለት ተማሪ አንድ፣ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላት፣ የጥንቱን ዓለም የሚያሳይ ካርታ፣ የወንጌል አንድምታና የአባቶች ትምህርት የተሰበሰበበት ሃይማኖተ አበው ነው። የቀድሞ ተማሪዎቻችን በአዲስ አበባም በውጭም ያላችሁ፣ ወላጆችም፣ መጽሐፍ ልትሰጡን ስታስቡ አስቀድማችሁ ርዕሱን፣ የጸሐፊውን ስምና የታተመበትን ዓመት በወረቀት ጽፋችሁ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል አድርሱን፤ ልጆቹ አይተው በሳምንት ውስጥ መልስ ይሰጧችኋል። ገንዘብ የምትሰጡ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል በክበቡ ስም ገቢ አድርጋችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ።

የክበቡ ተጠሪ መምህር፣ ድሬዳዋ